እያለቀሰ የሚደርቅ ዓይን

ሐዋሳ ስሟ ከውኃ ጋር ተያይዞ የሚነሳ ከተማ ናት። ሐይቁ ከምዕራብ በኩል ያቅፋታል፤ በአሞራ ገደል ዓሣው ይወጣል፣ ይጠበሳል፣ ሾርባው ይጠጣል፤ አመሻሽ ላይ ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸረው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ባለች ከተማ ስለ ድርቀት ማውራት እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከነዋሪዎቿ መካከል «ዓይኔን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል»፣ «ከሰዓት በኋላ ይቃጠልብኛል»፣ «ነፋስ ሲነካኝ እንባዬ ይወርዳል» የሚሉ ጎልማሶችን ማግኘት አያስቸግርም። አንዱ የአቧራው ነው ይላል፤ ሌላው ነፋስ መታኝ ይላል፤ ሦስተኛዋ «ዕድሜ ነው፣ መነጽር ያስፈልገኛል» ብላ ታልፈዋለች። ከእነዚህ ስሞታዎች የብዙዎቹ የሕክምና ስም ግን የዓይን ድርቀት ነው።

በረመዳን ወር ደግሞ ጉዳዩ ሁለት ተጨማሪ ገጽታዎች ይኖሩታል። በአንድ በኩል የቀኑ ጥማት፣ የሌሊቱ እንቅልፍ መቆራረጥና የማዕድ ቤቱ ጭስ ቀድሞውንም የደከመውን ዓይን ይበልጥ ያስቸግሩታል። በሌላ በኩል «ጠብታ ጾም ያበላሻል» በሚል ስጋት መድኃኒታቸውን ለወር ያህል የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የዓይን ድርቀት ምንድን ነው? ምን ያህልስ የተስፋፋ ነው? ጾመኛውስ ምን ያድርግ? የሚሉትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማየቱ ይጠቅማል።

እንባ ውኃ ብቻ አይደለም

ብዙዎቻችን እንባን የምናውቀው በሐዘንና በደስታ ነው። ዓይን ግን ያለ ሐዘንም ያለ ደስታም ቀኑን ሙሉ በስስ የእንባ ሽፋን ተጠቅልሎ ይውላል። ይህ ሽፋን ሦስት ነገሮችን ይይዛል። ከሥር ዓይኑ ላይ የሚያጣብቀው ልጋግ መሰል ንጥረ ነገር አለ። መሐሉን ከላይኛው የዓይን ቆብ በላይ ካለው የእንባ ዕጢ የሚመነጨው ውኃ ይይዘዋል። ከላይ ደግሞ ውኃው በቶሎ እንዳይተን የሚከድነው ስስ ቅባት አለ። ቅባቱን የሚያመነጩት ማይቦሚያን የሚባሉ፣ በዓይን ቆባችን ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው።

የሐዋሳ ሰው ነገሩን በሐይቁ ምሳሌ ሊረዳው ይችላል። ሐይቁን ጥቁር ውኃ ወንዝ ይመግበዋል፤ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ዓይን መግቢያም መውጫም አለው። በዓይናችን የውስጥ ማዕዘን፣ ከአፍንጫ በኩል፣ በላይኛውና በታችኛው ቆብ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። የተጠቀምንበት እንባ በእነዚህ አልፎ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ስናለቅስ አፍንጫችን የሚፈሰው፣ የዓይን ጠብታ ስናደርግም አንዳንዴ ምሬቱ ጉሮሯችን ላይ የሚሰማን በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን መውጫ አንባቢ ያስታውሰው፤ ስለ ጾምና ጠብታ ስናነሳ እንመለስበታለን።

የዓይን ድርቀት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ምንጩ ሲያንስ፣ ማለትም ዕጢው በቂ ውኃ ሳያመነጭ ሲቀር ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የተለመደው ደግሞ ክዳኑ ሲጎድል ነው፤ የቅባት ዕጢዎቹ ይደፈኑና እንባው ሳይቆይ ይተናል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ ብዙ ነው። የሚተነው ውኃ ጨውን ትቶ ስለሚሄድ የቀረው እንባ ጨዋማ ይሆናል፤ ጨዋማው እንባ የዓይኑን ገጽ ይቆጠቁጣል፤ የተቆጣው ገጽ ደግሞ እንባውን አጽንቶ መያዝ ያቅተዋል። ድርቀቱ ድርቀትን ይወልዳል።

ብዙ ሰው የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። የተቆጠቆጠ ዓይን ለአንጎል የድረሱልኝ መልእክት ይልካል፤ ዕጢውም በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ይለቃል። ይህ የድንገት እንባ ቅባቱ የጎደለው ስለሆነ ዓይን ላይ ሳይረጋ በጉንጭ ይወርዳል። ሰውየው መሐረብ ይዞ እንባውን እየጠረገ «የአንተ ችግር የዓይን ድርቀት ነው» ሲባል ሐኪሙን በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። እያለቀሰ የሚደርቅ ዓይን ግን በርግጥም አለ።

ከአምስት እስከ ሃምሳ በመቶ

የዓይን ድርቀት ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በርካታ የዓለም ተመራማሪዎች በጋራ ያወጡት የእንባና የዓይን ገጽ ሪፖርት በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ እንዳሳየው፣ ችግሩ ከ5 እስከ 50 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ ይገኛል። ይህ ልዩነት የመጣው ጥናቶቹ ስለተሳሳቱ አይደለም። አንዱ አጥኚ ሰዎችን ስለ ስሜታቸው ብቻ ይጠይቃል፤ ሌላው በመሣሪያ ይመረምራል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አንድ ላይ ካላገኘ ታማሚ ብሎ አይቆጥርም። የአየሩ ጠባይ፣ የሰዎቹ ዕድሜና ሥራም ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ዝቅተኛው ግምት እንኳ ቢወሰድ ከሃያ ጎልማሶች አንዱ ማለት ነው።

ነገሩን ውስብስብ የሚያደርገው ሌላም አለ፤ ስሜቱና ምልክቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ዓይኑ ክፉኛ ደርቆ እምብዛም የማይሰማው ሰው አለ፤ ምርመራው ብዙም ሳያሳይ ሌት ተቀን የሚሰቃይም አለ። ስለሆነም ባለሙያዎች ከምርመራው ጎን ለጎን 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይጠቀማሉ። ብርሃን ያስቸግርዎታል? ማንበብ፣ ማታ መንዳት፣ ቴሌቪዥን ማየት ይከብድዎታል? ነፋስ ባለበት ቦታ ዓይንዎ ይቆረቁርዎታል? እያለ ይቀጥላል። መልሶቹ ተደምረው ከመቶ ይሰላሉ፤ 13ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው የድርቀት ስሜት አለበት ተብሎ ወደ ቀጣዩ ምርመራ ይገባል።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ የዓይን ጤና ትኩረት ያረፈው ዓይነ ስውርነት ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1 ነጥብ 6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3 ነጥብ 7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ የማየት አቅም ያለው መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ያስከተለው ሲሆን ትራኮማም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። የዓይን ድርቀት በአብዛኛው አያሳውርም። ሰውን ሥራውን አያስተወውም፤ ሥራውን ግን ያከብድበታል፣ ንባቡን ያቋርጥበታል፣ ማታ መንዳትን ያስፈራዋል። እንዲህ ያለ ሕመም ወረፋ ይዞ ሐኪም ፊት ለመቅረብ የሚያበቃ አይመስልም፤ ስለዚህ ብዙው ሰው ቤቱ ይዞት ይቀመጣል።

ማንን ይበልጥ ያጠቃል ለሚለው ጥያቄ ግን በብዙ አገሮች ተመሳሳይ መልስ ተገኝቷል። ዕድሜ ሲጨምር ይጨምራል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ በተለይም የወር አበባቸው የተቋረጠባቸውን እናቶች ያጠቃል። የስኳር ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት በሽታና የታይሮይድ ችግር ያለባቸው ሰዎች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። ለአለርጂና ለጉንፋን የሚወሰዱ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ ክኒኖች፣ ለድባቴና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንባን ይቀንሳሉ። በልጅነት ተደጋግሞ የያዘ ትራኮማ የቆቡን የውስጥ ገጽ ጠባሳ ስለሚያደርገው ከዓመታት በኋላ ዓይንን ያደርቃል። የቫይታሚን ኤ እጥረትም እንዲሁ።

በሐዋሳ ጎዳና፣ በሐዋሳ ሥራ ቤት

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ትገኛለች። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት የሚውለው በበጋው ማብቂያ አካባቢ ነው፤ አየሩ ደረቅ፣ መንገዱ አቧራማ፣ ከሰዓት በኋላም ነፋስ የሚበረታበት ወቅት ነው። ሐይቁ አጠገብ መኖር ከዚህ አያድንም። ነፋስ ከየትም ይምጣ ከየት ዓይን ላይ ያለውን እንባ ያተናል።

የባጃጅ አሽከርካሪውን እንውሰድ። ጎኑ ክፍት በሆነ ተሽከርካሪ ከንጋት እስከ ማታ ይሠራል። ነፋሱና አቧራው ከሁለቱም ጎን ይመጡበታል። ምሽት ላይ ከፊቱ የሚመጣ መኪና መብራት ሲበተንበትና ሲያፈዝበት መነጽር የሚያስፈልገው ይመስለዋል። ዓይኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨፍኖ ሲከፍት እይታው ከጠራለት ግን ችግሩ ከእንባው ሊሆን ይችላል። የሚመጣና የሚሄድ፣ ዓይን ሲርገበገብ የሚጠራ ብዥታ የድርቀት አንዱ መለያ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በልብስ ስፌት መስመሮች ላይ ተሰማርተዋል። በስፌት መኪና ላይ ዓይንን ከመርፌው ጫፍ ሳይነቅሉ ለሰዓታት መሥራት ይጠይቃል። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ ትኩረት የሚሻ ነገር ሲመለከት ግን ይህ ቁጥር በግማሽና ከዚያም በላይ ይወርዳል። የቅባት ዕጢዎቹ ቅባታቸውን የሚለቁት ቆቡ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ነው። ያልተርገበገበ ዓይን እንባውን አያድስም። የባንክ ሠራተኛዋ በኮምፒዩተር፣ ተማሪው በስልኩ፣ ሰዓት ጠጋኙም በማጉያው ፊት የሚገጥማቸው ይኸው ነው።

ጭሱንም አንርሳ። መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና የምታፈላ ሴት ቀኑን ሙሉ ከከሰልና ከዕጣን ጭስ ጋር ትውላለች። በረመዳን ደግሞ ከአስር ሶላት በኋላ በየቤቱ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ሾርባው ይንተከተካል። ጾመኛዋ እናት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትቀምስ ከምድጃ ፊት ትቆማለች። ዓይኗ ቢቀላና ቢያነባ «ሽንኩርቱ ነው» ይባላል። ሽንኩርቱስ ሲያበቃ ያበቃል፤ ከማዕድ ከተነሱ በኋላም፣ በማግስቱ ጠዋትም የሚቀጥለው ማቃጠል ግን ሌላ ምክንያት አለው።

ጾም ራሱ ዓይንን ያደርቃል ወይ? በተለያዩ አገሮች በጾመኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ ወደ መግሪብ ገደማ የእንባ መጠን መቀነሱን አሳይተዋል፤ ሌሎቹ ጤነኛ በሆነ ዓይን ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር ጤነኛ ሰው ለዓይኑ ብሎ ጾምን የሚፈራበት ምክንያት እንደሌለ፣ አስቀድሞ የዓይን ድርቀት ያለበት ሰው ግን በዚህ ወር ለዓይኑ ይበልጥ መጠንቀቅ እንዳለበት ነው።

ከድርቀቱ የከፋው ጠብታ

ድርቀቱ በአብዛኛው አያሳውርም ብለናል። ለማስታገስ ተብሎ በዘፈቀደ የሚደረገው ጠብታ ግን ሊያሳውር ይችላል።

ልማዱ የታወቀ ነው። ዓይኑ የቀላበት ሰው መድኃኒት ቤት ይሄድና «የዓይን ጠብታ ስጡኝ» ይላል፤ ወይም ጎረቤት የተረፋትን ብልቃጥ ታውሰዋለች። ከእነዚህ ጠብታዎች አንዳንዶቹ እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ከፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥም አለ። ስቴሮይዱ ቅላቱን በአንድ ሁለት ቀን ያጠፋዋል። ሰውየው «ይኸው መድኃኒቴን አገኘሁ» ይላል፤ ባቆመው ቁጥር ቅላቱ ስለሚመለስ ለወራት፣ ለዓመታትም ይቀጥልበታል።

ስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራል። ከመቶ ሰዎች አምስት ያህሉ ላይ ጭማሪው ከፍተኛ ነው። ግፊቱ አያምም፤ የዓይኑን ነርቭ ከዳር ወደ መሐል ቀስ በቀስ ይበላዋል። ግላኮማ የሚባለው ይኸው ነው፤ የጠፋውም እይታ አይመለስም። የዓይን ሞራንም ያፋጥናል። ተሕዋስ ባለበት ቁስል ላይ ከተደረገም ቁስሉን ያባብሰዋል። ስቴሮይድ በሐኪም ትዕዛዝና ክትትል ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ያለ ክትትል ግን ለሚቆረቁር ዓይን ተብሎ የሚከፈል ከባድ ዋጋ ይሆናል።

ቅጠል ጨምቆ፣ የጡት ወተት አልቦ፣ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት በጥብጦ ዓይን ውስጥ መጨመርም ተሕዋስ ያስገባል፣ ገጹንም ያቆስላል። ለጌጥና ለመድኃኒት የሚቀባው ኩልም ቢሆን አንዳንዱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል፤ በቆቡ ጠርዝ ሲቀባም የቅባት ዕጢዎቹን አፍ ይደፍናል። የቆረቆረው ዓይን እረፍት እስኪያገኝ ኩሉን መተው ይመረጣል።

ጾመኛውና የዓይን ጠብታ

በዚህ ወር ከዓይን ሕሙማን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ጠብታ ጾሜን ያበላሽብኛል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተራ አይደለም። ለድርቀት ብቻ ጠብታ የሚጠቀም ሰው ለአንድ ወር ቢያቆም ይቸገራል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ የግላኮማ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለአንድ ወር ቢያቋርጥ ግን የማይመለስ እይታ ሊያጣ ይችላል።

በእስልምና የሕግ ትምህርት ውስጥ በጉዳዩ ላይ ቀድሞም ውይይት ነበር። የሐነፊና የሻፊዒይ መዝሀቦች ዓይን ውስጥ የሚደረግ ነገር ጾምን አያበላሽም ይላሉ፤ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች ዘንድ ግን ወደ ጉሮሮ ከደረሰ ያበላሻል የሚል አቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በጂዳ የተካሄደው የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ 10ኛ ጉባኤ ነገሩን ከሕክምና አንጻር መርምሮ የዓይን ጠብታን ጾም ከማያበላሹት ነገሮች መካከል መድቦታል፤ ወደ ጉሮሮ የወረደ ነገር ካለ ሰውየው እንዳይውጠው አሳስቧል። ልቡ ያልረጋለት አንባቢ ከአካባቢው ኢማም ጋር ሊመክር ይችላል፤ ሳይመክር በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን ማቆም ግን የለበትም።

ሕክምናውም በበኩሉ ጭንቀቱን የሚያቃልል ዘዴ አለው። ቀደም ሲል ያነሳነው የእንባ መውጫ ቀዳዳ በጣት ሊዘጋ ይችላል። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዓይንን በቀስታ ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘን በንጹሕ ጣት ጫን አድርጎ ለአንድ ሁለት ደቂቃ መያዝ ነው። ጠብታው ወደ ጉሮሮ የሚወርድበት መንገድ ይጠብባል፤ መድኃኒቱም ዓይን ላይ ይቆያል። አንድ ጠብታ ብቻ በቂ ነው። ዓይን ከዚያ በላይ ስለማይዝ ትርፉ ወይ በጉንጭ ይፈሳል ወይ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ የታዘዘለት ሰው በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይጠብቅ። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚደረግ መድኃኒት ከሆነም ሐኪሙ ሰዓቱን በሱሁርና በኢፍጣር ላይ እንዲያውልለት መጠየቅ ይችላል።

ከቤት የሚጀምር ሕክምና

ቀለል ያለ የዓይን ድርቀት ሕክምናው የሚጀምረው በቤትና በሥራ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ዓይንን ማርገብገብ ነው። በስፌት መኪና፣ በኮምፒዩተርም ሆነ በስልክ ላይ ያለ ሰው በየሃያ ደቂቃው ቀና ብሎ ስድስት ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለሃያ ሰከንድ ይመልከት፤ በዚያው ቆቡን ሙሉ በሙሉ እየገጠመ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ይጨፍን፣ ይክፈት። ስክሪኑን ከዓይን ከፍታ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥም ይረዳል፤ ወደ ታች ሲመለከቱ ቆቡ ዓይኑን ይበልጥ ስለሚሸፍን ለነፋስ የተጋለጠው ክፍል ይቀንሳል። የአየር ማራገቢያ ፊት ለፊት እንዳይነፍስ ማዞር፣ ለአሽከርካሪም ጎኑን የሚከልል መነጽር ማድረግ ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ንጹሕ ጨርቅ ቆዳን በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ መያዝ፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና መንከር። ሙቀቱ በዕጢዎቹ ውስጥ የረጋውን ቅባት ያቀልጠዋል። ከዚያም የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በጣት በቀስታ ማሸትና የሽፋሽፍቱን ሥር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው። ይህ በአንድ ቀን ለውጥ አያመጣም፤ ለሳምንታት ያህል በየቀኑ ሲደረግ ግን ብዙ ሰው ይረዳል። ጾመኛ ከሱሁር በፊት ቢያደርገው ቀኑን በተሻለ ዓይን ይጀምራል።

ሦስተኛው ሰው ሠራሽ እንባ ነው። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይድሮክሲፕሮፒል ሜቲልሴሉሎስ የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን የያዙ ጠብታዎች ስቴሮይድም ፀረ ተሕዋስም የለባቸውም፤ ሥራቸው ዓይንን ማርጠብ ነው። መድኃኒት ቤት ሲገቡ «ጠብታ» ብቻ አይበሉ፤ «ስቴሮይድ የሌለው፣ ሰው ሠራሽ እንባ» ይበሉ፤ ስሙንም አስነብበው ያረጋግጡ። በብዙዎቹ ብልቃጦች ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ማቆያ በብዛት ሲደጋገም ራሱ ዓይንን ስለሚቆጠቁጥ፣ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ማቆያ የሌለውን ዓይነት ቢጠይቅ ይመከራል።

አራተኛው ምግብና መጠጥ ነው። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውኃን በአንዴ ሳይሆን ከፋፍሎ መጠጣት፣ ጨው የበዛበትን ምግብ መቀነስ ተገቢ ነው። ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ጉበትና ብርቱካናማው ስኳር ድንች ለዓይን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ዓሣን በተመለከተ ለሐዋሳ ሰው የሚነገር አንድ እውነት አለ። ከዓሣ ዘይት የሚገኘው ኦሜጋ ሦስት ለዓይን ድርቀት ፍቱን ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ይፋ የሆነና 535 ሕሙማንን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን የኦሜጋ ሦስት እንክብል የወሰዱት ለማነጻጸሪያ የወይራ ዘይት ከተሰጣቸው የበለጠ እንዳልተሻላቸው አሳይቷል። የአሞራ ገደልን ሾርባና የቆሮሶ ጥብስ ለጣዕሙና ለገንቢነቱ ይብሉት፤ በውድ ዋጋ ለሚሸጥ እንክብል ግን ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

እንቅልፍም አለ። ተራዊህ ሰግዶ፣ ለሱሁር ተነስቶ፣ በመካከሉ ስልክ ሲነካካ የሚያነጋ ሰው ዓይኑን እረፍት ይነፍገዋል። ከሶላቱና ከሱሁሩ የሚቀነስ የለም፤ ከስልኩ ግን ይቀነሳል።

መቼ ሐኪም ዘንድ መሄድ?

እነዚህን ለሁለትና ሦስት ሳምንታት ሞክሮ ለውጥ ያላየ ሰው ወደ ዓይን ሕክምና መሄድ አለበት። በከተማዋ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በሌሎች የዓይን ሕክምና መስጫዎች የሚደረገው ምርመራ የሚያስፈራ አይደለም። አንደኛው ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ዓይን ላይ ነክቶ በሰማያዊ ብርሃን ማየት ነው፤ ዓይን ሳይርገበገብ እንባው ከአሥር ሰከንድ በፊት ከተሰነጣጠቀ በቶሎ እየተነነ ነው ማለት ነው። ሌላው ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ሺርመር እ.ኤ.አ. በ1903 ያስተዋወቀውና እስካሁን የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ትንሽ ወረቀት በታችኛው ቆብ ላይ ተንጠልጥሎ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደረጠበ ይለካል። አምስት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ምንጩ በእጅጉ አንሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና እንደ ምክንያቱ ይለያያል፤ ድርቀቱን ያመጣው ክኒን ይቀየራል፣ ያልታወቀ የስኳር ሕመምም ሊገኝ ይችላል።

ሳይውል ሳያድር መታየት ያለባቸው ምልክቶችም አሉ። ኃይለኛ የዓይን ሕመም፣ ድንገተኛ የእይታ መቀነስ፣ ብርሃን ጨርሶ አለመቻል፣ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ የታየ ነጭ ነጥብ፣ መግል ወይም ዓይን ውስጥ የገባ ኬሚካል ካለ ነገሩ ከድርቀት ያለፈ ነው። በዚህ ጊዜ ኢፍጣርን መጠበቅ፣ ሰኞን መጠበቅ አይገባም። ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ የማስተላለፍ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ስቴሮይድ ይኑረው አይኑረው ሳያውቁ ጠብታ ሲያደርጉ የቆዩ አንባቢ ካሉ ብልቃጡን ይዘው ወደ ዓይን ባለሙያ ይሂዱ፤ የዓይንዎን ግፊት እንዲለካልዎ ይጠይቁ። ልኬታው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ቤትዎ ውስጥ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «ነፋስ ነው» የሚሉ እናት ወይም አባት ካሉም ይህን ጽሑፍ ያንብቡላቸው። ምናልባት የሚያስፈልጋቸው አንድ ሙቅ ጨርቅና አንድ ብልቃጥ ሰው ሠራሽ እንባ ብቻ ይሆናል።